አሜን ያልንበት ቃል

የራሴን ሽኝት ራሴ አስተረጎምኩ። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ ቀልድ አይደለም። ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ስሜ በትልቁ የተጻፈበት ባነር ተሰቅሎ፣ የመሥሪያ ቤታችን የውጭ አገር ኃላፊ ስለ እኔ ሊናገር ሲነሳ ነው አስተርጓሚ እንዳልተጠራ የታወቀው። ማን ይጠራል? የቢሮው አስተርጓሚ እኔው ነበርኩ። አስተባባሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ወይዘሮ ዘሃራ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ይተባበሩን" አለኝ። የክብር ወንበሬን ትቼ ተነሳሁና፣ "ወይዘሮ ዘሃራ ትጉህ፣ ታማኝና ምትክ የማይገኝላቸው ሠራተኛ ነበሩ" ብዬ ስለ ራሴ ለሕዝብ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። አብሬ ላጨብጭብ ወይስ እጅ ልንሳ ግራ ገባኝ።

ኃላፊው ግን አላበቃም። ምስጋናውን ሲጨርስ ወደ ተጋበዙት ገበሬዎች ዞረና፣ የማሳቸው ካርታ እስኪስተካከል ድረስ መሥሪያ ቤቱ ከጎናቸው እንደሚቆም ተናገረ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ወደ እሱ ዘወር ብዬ በእንግሊዝኛ፣ "ይህን እንደ ቃል ልበለው ወይስ እንደ ምኞት?" ብዬ ጠየቅኩት። እንግሊዝኛ የሚሰሙት ሳቁ፤ የስንብት ጨዋታ የያዝኩ መስሏቸው። መሐል ረድፍ ላይ የተቀመጡት የአጋሮ ዙሪያ ገበሬዎች ግን አልሳቁም። ቋንቋውን ባይሰሙም ዝምታዬንና አኳኋኔን አይተው ምን እንደጠየቅኩ አውቀዋል። እሱ ምን ብሎ እንደመለሰልኝ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ለምን እንደጠየቅኩት ልናገር፤ ካልተናገርኩት ጡረታዬን በንዴት ልጨርሰው ነው።

እኔ የጅማ፣ የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ኦሮምኛ፣ ሰፈራችን አማርኛና ኦሮምኛ ተቀላቅሎ ይነገራል፤ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ይልቅ ያስተማረኝ እልኸኛነቴ ነው። አንድ የቡና ልማት ፕሮጀክት ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። የፕሮጀክቱ አስተርጓሚ አባ ፊጣ የሚባሉ የጅሬን ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። የውጭ እንግዶች ሴት ገበሬዎችን ማነጋገር ሲፈልጉ ሴቶቹ በወንድ አፍ ስለ ቤታቸው ጉዳይ መናገር እምቢ አሉ። አባ ፊጣ ወደ እኔ ጠቁመው፣ "ይህችን ልጅ እንውሰዳት፤ መናገር አትፈራም" አሉ። በዚያው ቀረሁ። ደሞዙ ግን ለብዙ ጊዜ የጸሐፊ ደሞዝ ሆኖ ነው የቀረው፤ የደሞዙን ነገር ከጀመርኩ ሌላ መጽሐፍ ስለሚወጣው ልተወው።

አባ ፊጣ የሥራ ወግ ነበራቸው። የሥራ ቀን ከሆነ ማስተርጎሙ ሳያልቅ ጫት አይቀምሱም፤ ጅማ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሲያስተረጉሙ ከእንግዳው አጠገብ ቆመው አያውቁም፣ ሁልጊዜ ከገበሬው ትከሻ ጀርባ ነው የሚቆሙት። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ድምፁ ከገበሬው በኩል ሲመጣ እንግዳው ሳይወድ በግድ ገበሬውን ያየዋል አሉኝ። ገበሬው ዝም ካለ ዝምታውንም ያስተረጉማሉ፤ "እያሰበ ነው" ወይም "መመለስ አልፈለገም፣ እንዳያስቀይምዎት ነው ዝም ያለው" ይላሉ። እንግዳው ሳያውቅ ነውር ቢናገር አያጣፍጡለትም። "እኛ ጉሮሮ ነን፣ ስኳር አይደለንም" ይሉ ነበር። ስብሰባ በዱአ ሲዘጋ ደግሞ እሳቸው እጃቸውን አያነሱም፤ ጉሮሮ እጅ የለውም ነው ምክንያታቸው።

የዱአውን ነገር ለማያውቅ ልንገረው። በእኛ በኩል ትልቅ ጉዳይ በጭብጨባ አይዘጋም። ነገሩ ተነግሮ ሲያልቅ ሽማግሌው ሁለት መዳፉን ይዘረጋል፣ የተቀመጠው ሁሉ ይዘረጋል፣ ዱአ ተደርጎ አሜን ይባላል፣ ፊት ይታበሳል። ከዚያ በፊት የተነገረው ወሬ ሊሆን ይችላል፤ አሜን ከተባለበት በኋላ ግን ውል ነው። ውሉን መፈጸም ያቃተው ሰው ወደ እነዚያው ሰዎች መጥቶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ "አልቻልኩም፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" ይላል። አውፍ ይሉታል፣ ነገሩ ይፈታል። ካልመጣ አንገቱ ላይ ይቀራል። እንግዶቹ ይህን አያውቁም። እጃችንን ስንዘረጋ ባህል ነው ብለው ካሜራቸውን አውጥተው ይቀርጹናል። ፊርማ እየቀረጹ መሆናቸውን የሚነግራቸው የለም።

አባ ፊጣ ጥያቄያቸውን ያመጡት ለዚህ ነው። እንግዳው ስለ ወደፊቱ አፉን በከፈተ ቁጥር፣ "ይህን እንደ ቃል ልበለው እንደ ምኞት?" ብለው ይጠይቁታል። አንድ ጊዜ ሊሙ ገነት ላይ አንድ ትልቅ እንግዳ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ እንሠራላችኋለን አለ። አባ ፊጣ ጠየቁት። ሰውዬው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጅማ ስንመለስ የቢሮው አለቃ አባ ፊጣን አስጠርቶ፣ ሥራዎ የተባለውን ማስተላለፍ ነው፣ እንግዳ መመርመር አይደለም ብሎ ተቆጣቸው። እሳቸው ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ጌታዬ፣ ሰውዬው ምን እንዳለ ሳላውቅ ምኑን ላስተላልፍ?" አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ገጠር መውጣት ተከለከሉ፣ ጡረታቸው እስኪደርስም ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ሲተረጉሙ ቆዩ። የማጠቢያ ጣቢያውን እስካሁን ያየው የለም።

ሲወጡ እጄን ይዘው፣ "ጥያቄውን እንዳትተዪው፣ ኢንተለ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "የሚቆጡሽ መልሱ ስለሌላቸው ነው።" አልተውኩትም። አለቆቼ ሲቆጡኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በእንግዳው ጆሮ እጠይቃለሁ እንጂ ሳልጠይቅ ያለፍኩበት ቀን የለም።

ከዚያ በኋላ ያስተረጎምኩላቸውን አገሮች ብቆጥር ካርታ ይሞላል። አንድ ነገር ግን ቶሎ ገባኝ። እነሱ አገር ምርጫ በተካሄደ ቁጥር እኛ ጋ የፕሮጀክቱ ስም ይቀየራል። አንዴ ድህነት ቅነሳ ነን፣ አንዴ የሴቶች አቅም ግንባታ ነን፣ አንዴ የአየር ንብረት ነን፣ ደግሞ ነፋሱ ሲዞር የገበያ ትስስር እንሆናለን። ገበሬው ያው ገበሬ ነው፣ ቡናው ያው ቡና ነው። የሚለዋወጠው የመኪናው በር ላይ ያለው ምልክትና የሚታደለን ካናቴራ ነው። ድሮ ራሳቸውን ለጋሽ ይሉ ነበር፤ ኋላ ላይ አጋር መባል ጀመሩ። ለጋሽ ሲሉ ቢያንስ ሰጪና ተቀባይ እንደሆንን ይታወቅ ነበር። አጋር ካሉ ጀምሮ ጨጓራዬ ጤና አላገኘም፤ አጋር ማለት እኔ በማውቀው አማርኛ ሲሄድ እሄዳለሁ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

አሁን ወደ ሚስተር ፒተር ልምጣ። ሚስተር ፒተር መጥፎ ሰው አልነበረም፤ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ንዴቴ በቀለለልኝ። አገሩን አልጠራም። ዓለምን እኔ ነኝ የምመራው ከሚሉት አንዱ ነው ብል ይበቃል። ከአጋሮ ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ ውስጥ አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ገበሬዎቹን ሰብስቦ ስለ ቡና ጉንደላ ሊያነጋግር መጣ።

ጉንደላ ማለት ያረጀውን ቡና ከጉልበት በታች በመጋዝ መቁረጥ ነው። አቆራረጡ ዘንበል ይላል፤ ውሃ ጉቶው ላይ ተኝቶ እንዳያበሰብሰው። ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፣ ጠንካሮቹ ተመርጠው ይቀሩና ሌላው ይነሳል። ጥሩ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን የተቆረጠው ቡና እንደገና እስኪያፈራ ዓመታት ያልፋሉ። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ማሳውን እየከፋፈለ ነው የሚቆርጠው፤ ዘንድሮ ይህችን ጥግ፣ ከርሞ ያችን። ፕሮጀክቱ ግን ሁሉም ባንዴ ይቆረጥ፣ የጥላ ዛፉም ይሳሳ አለ። የፕሮጀክቱ ዕድሜ አጭር ነው፣ ውጤቱ ደግሞ እዚያ ማዶ ላሉት አለቆች ቶሎ መታየት አለበት። በምትኩ ቡናው እስኪያፈራ ድረስ ለቆራጮቹ ቤተሰብ የሚበላ እህል እናቀርባለን አሉ።

መጀመሪያ የተናገሩት አዴ ሲቲ ናቸው። አዴ የምንለው ለምናከብራት ትልቅ ሴት ነው። ባለቤታቸው ሞተዋል። ማሳውን የተከሉት አማታቸው ናቸው፣ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ጅማ ኮሌጅ የሚማሩትም በዚያ ቡና ነው። ከእሱ ሌላ የሚይዙት የላቸውም። የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ፣ "እሺ፣ የእናንተ መንግሥት ቢቀየርስ?" አሉ።

አስተረጎምኩለት። ሚስተር ፒተር በጨዋነት ፈገግ አለ። ሰው ይቀየራል፣ መንግሥትም ይቀየራል፣ አገራችን የገባችውን ቃል ግን የሚጠብቅ ተቋም አለን ብሎ ስለ ተቋም ረጅም ትምህርት ሰጠን። ሲጨርስ እኔ የራሴን ጥያቄ ጠየቅኩት። ዱአ እንደሚደረግ፣ ዱአው ምን ማለት እንደሆነ ጭምር ነገርኩት። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"እንደ ቃል በያቸው" አለኝ። "የእኔ ብቻ አይደለም፤ የአገሬ ቃል ነው።"

በኦሮምኛ፣ በእኔ ድምፅ፣ እንደ ቃል ተናገርኩት። የቀበሌው ሽማግሌ ሸህ ኑሩ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሰዉ ሁሉ ዘረጋ። እኔም የአባ ፊጣን ወግ ጥሼ እጄን አነሳሁ፤ አምኜው ነበር። አሜን ብለን ፊታችንን ስናብስ ሚስተር ፒተር በስልኩ እየቀረጸን ነበር።

ቆረጡ። አዴ ሲቲ የመጀመሪያውን ግንድ ቢስሚላህ ብለው በራሳቸው እጅ ነው የቆረጡት። በሁለተኛው ሳምንት ማሳውን ሳየው ጉቶ በጉቶ ሆኖ፣ ፀሐይ ገብታበታለች። ግን ዝናቡ ሲመጣ ቀንበጡ ወጣ። እህሉም መጀመሪያ ላይ በጊዜው ይመጣ ነበር። ሚስተር ፒተር በመጣ ቁጥር አዴ ሲቲን አስቀድሞ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸውም ማር ያቀርቡለታል።

ከዚያ እዚያ ማዶ ምርጫ ተደረገ። መንግሥት ተቀየረ። ለሌላ አገር የሚሰጥ እርዳታ ለእኛ ምን ይረባል ተባለና ሁሉም ነገር እንዲቆም ታዘዘ። ገንዘቡ የእነሱ ነው፣ መከልከል መብታቸው ነው፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። እኔን ያቃጠለኝ አደራረጉ ነው። ጠዋት ቢሮ ስንገባ ኮምፒውተሮቹ አይከፈቱም። የመኪና ቁልፍ ተሰብስቧል። ሚስተር ፒተር ራሱ እንደ እኛ ተባሯል፤ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ ቀና ብሎ አላየንም። ጅማ መጋዘን ውስጥ ለአዴ ሲቲና ለጎረቤቶቻቸው የተገዛ በቆሎ ተከምሮ ነበር። እሱንስ እናድርስ ብለን ለመንን። ማከፋፈል ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ቆሟል የሚል መልስ መጣ። ነቀዙ ግን ትዕዛዙ ስላልደረሰው ሥራውን ቀጠለ።

ለገበሬዎቹ ማን ይንገራቸው? የቢሮው ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። የአገራችን አለቆችም መመሪያ እንጠብቅ አሉ፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ስልኩን አላነሳ አለ። ቃሉ የወጣው በእኔ አፍ ነበርና በራሴ ኪስ ሚኒባስ ይዤ አጋሮ ሄድኩ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ዋንዛው ሥር ተሰበሰቡልኝ። ነገርኳቸው።

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮሁብኝ ደስ ባለኝ። ሸህ ኑሩ ቀስ ብለው ፒተር የት እንዳለ ጠየቁኝ። አገሩ እንደገባ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "ይምጣና ራሱ ይንገረን፤ አውፍ እንለዋለን" አሉ። "እንዲህ ጥሎት ከሄደ ነገሩ በእሱ ላይ ይከብዳል።" የሚበሉት የተቋረጠባቸው እነሱ ሆነው፣ የሚያዝኑት ለእሱ ነበር። እኔ እዚያው ደሜ ፈላ። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ለሚስተር ፒተር ጻፍኩለት። አፍሬያለሁ፣ ግን በአገሬ ስም መናገር አልችልም፣ ራሴም ሥራ እየፈለግኩ ነው ብሎ መለሰልኝ። ትናንት በአገሩ ስም ቃል መስጠት የቻለ ሰው ዛሬ በአገሩ ስም አውፍ በሉኝ ማለት አልቻለም። ወደሚመለከታቸው ሁሉ ደወልኩ፤ አንዱ ለሌላው አቀበለኝ፣ ሌላውም መስመሩን ዘጋው።

በዚህ መሐል አንድ ነጋዴ አዴ ሲቲ ጋ መጣ። ጉቶውን ንቀሉና ጫት ትከሉበት፣ ጫት ቶሎ ይደርሳል፣ እኔ እገዛችኋለሁ አላቸው። ውሸት አልነበረውም። አዴ ሲቲም ልጆቻቸውን ከትምህርት ላለማስቀረት ብለው ተስማሙ፣ ጉቶ የሚነቅሉ ሰዎችም ተቀጠሩ። ጉቶ አንዴ ከተነቀለ አማትየው የተከሉት ቡና አለቀ ማለት ነው፤ አይመለስም። ይህን የነገሩኝ በስልክ ነው፣ ድምፃቸው ደርቆ። በማግስቱ ሄድኩ።

ስደርስ ሰዉ ዋንዛው ሥር ነው። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ጥግ ቆመዋል። ሸህ ኑሩ ናቸው ሰውን የጠሩት።

"ያ ሰው ቃል ሲሰጥ አሜን ያልነው እኛ ነን" አሉ። "ባለቤቱ ካልመጣ ቃሉ አሜን ባለው ላይ ይወድቃል። የሲቲን ቤት፣ የቆረጡትን ሁሉ ቤት፣ ቡናው እስኪያፈራ እኛ እናበላለን።"

አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ። እኛስ ምን አለን፣ የራሳችን ጎተራ ጎዶሎ ነው አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሸህ ኑሩ ግን ያን ቀን እጁን ያላነሳ ካለ ተነስቶ ይሂድ አሉ። ማንም አልተነሳም። አዴ ሲቲ ከነጠላቸው ሥር እኔን ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺም አንስተሻል፣ ዘሃራ" አሉ። "አይቼሻለሁ።"

አዎ፣ አንስቻለሁ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ጀምሮ በየወሩ ከጅማ ገበያ በቆሎ ገዝቼ፣ ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኜ እወስድ ነበር። አንዱ ማር አምጥቶ፣ አንዱ ጎደሬ፣ አንዱ ጉልበቱን ሰጥቶ ቤቶቹ ዘለቁ። እነዚህ የፖለቲካ ሰዎች ዓለም አቀፍ ትብብር የሚሉትን ነገር በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሳስተረጉም ኖሬ፣ በዓይኔ ያየሁት እዚያ ዋንዛ ሥር ነው። አንድ ኃያል አገር የገባውን ቃል የአጋሮ ዙሪያ ደሀ ከጎተራው አውጥቶ ፈጸመለት። ይህን በየትኛው ዜና ሰማችሁት?

እኔ ሥራ ፈትቼ ቆይቼ፣ መጨረሻ ላይ ጡረታ የወጣሁበት መሥሪያ ቤት ቀጠረኝ። እነዚህ ደግሞ ከሌላ አህጉር ናቸው። አገራቸው አዲስ ሕግ አውጥቷል፤ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ወደ እኛ አይገባም የሚል። ሕጉን አልጠላሁትም። ደን ይጠበቅ ማለት መልካም ነው፤ እስከ ዛሬ የጠበቀው ማን እንደሆነ ቢጠይቁ ደግሞ የበለጠ መልካም ነበር። የገበሬውን ማሳ እየዞሩ ልኬቱን ይወስዳሉ፣ ከላይ በሳተላይት ከተነሳው ምስል ጋር ያስተያያሉ፣ ደን የተነካበት ማሳ ታብሌቱ ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ የቀይ ማሳ ቡና አይገዛም።

የአዴ ሲቲ ቡና አፈራ። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ነው፣ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ። ያን ጊዜ ነው የካርታ ባለሙያው ከእኔ ጋር ማሳቸው የደረሰው። ታብሌቱን አየ፣ ማሳውን አየ፣ ደግሞ ታብሌቱን አየ። ማሳው ቀይ ነው። ጉንደላው የተደረገ ጊዜ፣ ጥላው የሳሳ ጊዜ የተነሳው ምስል ከላይ ሲታይ ደን የተመነጠረ ይመስላል። የቆረጡት ሁሉ ማሳ ቀይ ነው። ይህን ለአዴ ሲቲ ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆነ። ነገርኳቸው።

"ያስቆረጡን እነሱ፣ ቆረጣችሁ የሚሉን እነሱ?" አሉ።

ባለሙያው ደነገጠ። እኛ አይደለንም፣ ያ ሌላ አገር ነው፣ እኛ ከእነሱ ጋር ግንኙነት የለንም ብሎ በትጋት ማስረዳት ያዘ። አዴ ሲቲ እስኪጨርስ ጠበቁት።

"እናንተ ከላይ ሆናችሁ የእኔን ዛፍ ለይታችሁ ታያላችሁ" አሉ። "እኛ ከታች ሆነን ስናያችሁ ግን አንድ ናችሁ።"

ቃል በቃል አስተረጎምኩለት። ስኳር አልጨመርኩበትም። ባለሙያው ጥፋቱ የካርታው እንደሆነ አምኖ አቤቱታ እናቀርባለን አለ፤ አቤቱታው ግን ከአንዱ ዋና ከተማ ወደ ሌላው እየዞረ መልስ ሳያገኝ ከረመ።

በዚያው ሰሞን ከምሥራቅ አገሮች ቡና ገዢዎች መጡ። እነሱ ካርታ አይጠይቁም፣ ጉንደላ አያስተምሩም፣ አጋር ነን አይሉም። አንዱ ወጣት ገዢ ስልኩን አውጥቶ ይናገርበታል፣ ስልኩ በአማርኛ ይመልሳል፤ እኔ አላስፈለግኩም። ዋጋው ካርታ የሚጠይቁት ከሚሰጡት ያንሳል፣ ግን እጅ በእጅ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ተንታኞቹ የዓለም የኃይል ሚዛን ተቀየረ፣ አዲስ ዘመን መጣ እያሉ ሲፈነጥዙ እሰማለሁ። እኔ አጋሮ ላይ ያየሁት ትልቁ ለውጥ አንደኛው ቃል ሰጥቶ የሚያፈርስ መሆኑ፣ ሌላኛው ጭራሽ ቃል የማይሰጥ መሆኑ ነው። ከርሞ ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል? እንድንመርጥ የቀረበልን የንዴት ዓይነት ብቻ ነው።

አዴ ሲቲ ቡናቸውን ከነገለባው አድርቀው ጀንፈሉን ቤታቸው አከማችተው ነበር። ካርታው ይስተካከላል ብዬ ልጠብቅ ወይስ ለወጣቱ ገዢ በሚለው ዋጋ ልስጠው እያሉ ሲያመነቱ ነው የእኔ ሽኝት የደረሰው። ኃላፊው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከጎናችሁ እንቆማለን ሲል እሳቸው መሐል ረድፍ ላይ ነበሩ፣ ሸህ ኑሩም አጠገባቸው። እንግዲህ እኔ ለምን ዝም እንዳልኩ ገባችሁ። ቃል ነው ካልኩ እጃቸው ይነሳል። እጃቸው ከተነሳ ጀንፈሉ ይጠብቃል።

ሳቁ ሲበርድ ኃላፊው ጠጋ ብሎ ልዩነቱ ምንድን ነው አለኝ። ሰዎቹን በዓይኔ አሳየሁት። "ቃል ከሆነ እነዚያ ሰዎች በእሱ ላይ ኑሯቸውን ያቆማሉ" አልኩት። ወደ አዴ ሲቲ አየ። ወደ ባልደረባው አየ፤ ባልደረባው ወለሉን ያይ ነበር። ከዚያ በቀስታ፣ "ምኞት ነው በያቸው" አለኝ።

ምስጋና ይገባዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ይህን የመለሰልኝ እሱ ብቻ ነው። በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ምኞታቸው እንደሆነ ተናገርኩ። አዳራሹ እንደ ልማዱ አጨበጨበ። የአጋሮ ገበሬዎች እጅ ግን ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። አዴ ሲቲ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። በማግስቱ ጀንፈሉን ለወጣቱ ገዢ ሸጡት፣ የልጆቻቸው ትምህርትም ቀጠለ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ፤ ስጦታዬን ተቀብዬ ልቀመጥ ስል አዴ ሲቲ ሳይጠሩ ተነሱ። ንግግራቸው አጭር ነበር። "ዘሃራ ከእንግዲህ ቡና አትገዛም። በሕይወት እስካለች ከእኔ ማሳ ይመጣላታል" አሉ። ለኃላፊው አስተረጎምኩለት። ሰውዬው ጨዋታው የገባው መስሎት ደስ አለው፤ ሳቅ እያለ፣ "እሳቸውንስ ጠይቂያቸው እንጂ፤ ቃል ነው ወይስ ምኞት?" አለኝ። አዳራሹ እንደገና ሳቀ። እኔም ሥራዬ ነውና ጠየቅኳቸው።

አዴ ሲቲ አልሳቁም። ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። ሸህ ኑሩ ዘረጉ፣ ረድፉ ሁሉ ዘረጋ። እኔም ስጦታዬን ወለሉ ላይ አስቀምጬ እጄን ዘረጋሁ። አሜን ስንል ቀና ብዬ ባይ፣ ኃላፊው ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸን ነበር።